ገነተ ልዑልን ሲጎበኙ፦ ቤቱን ለብቻ፣ ሥዕሉን ለብቻ

ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አይቶ የወጣን ሰው «ምን አየህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ «የጃንሆይን መኝታ ቤት» የሚል ነው። ሥዕሎቹስ? «እ... ላይ ፎቅ ነበሩ። ማርያም፣ ጊዮርጊስ... ብዙ ናቸው።» በቃ። በአንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰቡ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎች በዓለም ላይ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ስብስብ «ብዙ ናቸው» በሚል ቃል ይታለፋል።

ጥፋቱ የጎብኚው ብቻ አይደለም። ቤተ መንግሥት ውስጥ የገባ የጥበብ ሙዚየም ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። የፓሪሱ ሉቭር፣ የቪየናው ቤልቬዴር፣ የሴንት ፒተርስበርጉ ኤርሚታዥ ሁሉም የነገሥታትና የመሳፍንት ቤት ነበሩ፤ እዚያም ጎብኚው ጣሪያና አዳራሽ ሲያደንቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ይዘነጋል። ቤቱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ሥዕሉም የራሱ። ሁለቱን እኩል አያለሁ ያለ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቤቱን በጊዜው፣ ሥዕሉን በጊዜው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ለዚህ የተበጀ ነው። ዘመኖቹ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቀንና ሰዓት ይምረጡ

የሥራ ቀን ጠዋት ይሁን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ቢደርሱ የትምህርት ቤት ተማሪዎች ጉዞ ሳይመጣብዎ ሥዕሎቹን ብቻዎን የማግኘት ዕድል አለዎት። ከሰዓት በኋላ ሄደው መብራት ቢጠፋ በስልክ መብራት ሲያፈጡ መዋልዎ ነው፤ ያ ለዐይንም ለሥዕልም አይበጅም። የምረቃ ሰሞንን ይሽሹ። ሙዚየሙ ያለው ተማሪ በሚተራመስበት ግቢ ውስጥ መሆኑን አይርሱ።

አሮጌ ቤት ጥገና አያጣውም። አንዱ ክፍል ሊዘጋ፣ የሌላው አቀማመጥ ሊቀየር፣ አልፎ አልፎም ሙዚየሙ በሙሉ ለእድሳት በሩን ሊዘጋ ይችላል። ከክፍለ ሀገር ወይም ከውጭ የሚመጡ ከሆነ አስቀድመው ያጣሩ። እዚያ የሚማር የዘመድ ልጅ ካለ እሱን መላክ ነው፤ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የስድስት ኪሎ ተማሪ የዛሬውን ሁኔታ ያውቃል።

መታወቂያ ይያዙ፤ የግቢው በር ላይ ፍተሻ አለ። የውጭ ፓስፖርት ያለዎት ፓስፖርቱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎትም እሱን ጨምረው ይምጡ። መግቢያው ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ በየትኛው እንደሚገቡ ትኬት መቁረጫው ላይ ይጠይቁ። ጥሬ ብር ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ሦስት ሰዓት ያህል ይመድቡ። ያን ያህል ጊዜ ከሌለዎት ከታች ያሉትን ደረጃ 5ን እና ደረጃ 6ን ብቻ ይከተሉና ይውጡ፤ አይቆጭዎትም።

አንድ ምክር ልጨምር። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ሉሲ ያለችበት። «መንገዴ ላይ ነው፣ እግረ መንገዴን» ብለው አይግቡ። የሁለቱን ሙዚየም ጉብኝት በአንድ ጠዋት ያደረገ ሰው ሁለተኛውን የሚያየው በእግሩ ሕመም በኩል ነው።

ደረጃ 2፦ ከአደባባዩ ይጀምሩ

ከታክሲ ሲወርዱ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር አይሩጡ። አደባባዩ መሐል የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የጉብኝቱ መግቢያ ነው። የዩጎዝላቪያ ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው የሠሩት። በዙሪያው ያሉትን የተቀረጹ ምስሎች እየዞሩ ይመልከቱ፤ የወደቀውን፣ የሚያለቅሰውን፣ የሚቀበረውን።

ሐውልቱ እዚህ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ የኔፕልሱን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። የተሰበሰቡት አሁን ሊገቡበት ባለው ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ከዚያው ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀናት ፋሽስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱት ጭፍጨፋ ደግሞ ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። ይህን በልብዎ ይዘው በሩን ይለፉ።

ደረጃ 3፦ ሳይገቡ ቤቱን ይጨርሱ

አብዛኛው ሰው የቤቱን ታሪክ የሚሰማው ውስጥ፣ ሥዕል ፊት ቆሞ ነው። እዚያ ጋ ነው ሁለቱ የሚደባለቁት። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር ቆመው ታሪኩን ይጨርሱት።

ገነተ ልዑል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር፤ የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ግራዚያኒ ገባበት። ጃንሆይ ተመልሰው እስከ 1953 ኖሩበት። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ፣ እሳቸው ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ ታግተው የቆዩት እዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ «አረንጓዴው ሳሎን» በሚባለው ክፍል በታጋቾቹ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከወደቁት መካከል ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ1955 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ለሥዕሎቹ መሰብሰብ ግን ከሁሉ በፊት መመስገን ያለባቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። ሰውየው ሥዕል ለቱሪስት በርካሽ በሚቸበቸብበት ዘመን እያሳደዱ ለሙዚየሙ ያስቀሩ፣ ኋላም የስብስቡን ዝርዝር በመጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው።

አሁን ወደ ቤቱ ፊት ይዙሩ። ወደ የትም የማያደርስ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ያያሉ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል፤ ቆጠራው ፋሽስቶች ሮም ከገቡበት ከ1915 ይጀምራል። ዛሬ የመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም፤ አንበሳ አስቀመጡበት። ግቢው ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የተናገረው ይህ ይመስለኛል። ፎቶ ማንሳት ካማረዎት እዚህ ያንሱ፤ ብርሃኑም ይመቻል፣ ማንም አይከለክልዎትም።

የቤቱ ነገር በዚህ አለቀ። ይግቡ።

ደረጃ 4፦ ከአስጎብኚው ጋር በጊዜ ይስማሙ

አስጎብኚ ካገኙ ይያዙ፤ ግን መሪው እርስዎ ይሁኑ። የአስጎብኚ ልማድ ጎብኚው የሚወደውን አስቀድሞ ማሳየት ነው። «ጋሼ በዚህ በኩል፤ የጃንሆይን መኝታ ቤት ላሳይዎት» ይላል። እርስዎም «የለም ወንድሜ፣ መኝታ ቤቱ የትም አይሄድብን። አስቀድመን ሥዕሎቹ ጋ እንውጣ፤ እዚያ ትንሽ ተወኝና ሲበቃኝ እጠራሃለሁ» ይበሉት። መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ኋላ ደስ ይለዋል። በቃሉ የያዘውን ከማስወረድ ይልቅ የሚጠየቅ አስጎብኚ ሌላ ሰው ነው። «ይህ ከየት መጣ? ማን ሰጠው? ከኋላው ምን አለ?» ብለው ይጠይቁት። «ከኋላው ምን አለ» የሚለውን ጥያቄ በተለይ እወደዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ወሬ ያወጣል።

ደረጃ 5፦ ሥዕል ክፍሉን አንዴ በፍጥነት ይዙሩ

ሥዕሎቹ ያሉት ላይኛው ፎቅ ነው። ሲገቡ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ አይቸከሉ። ሳይቆሙ፣ መግለጫ ሳያነቡ፣ ክፍሉን በሙሉ አንድ ጊዜ ይዙሩ። ዐይንዎ የት እንደሄደ ልብ ይበሉ። ከዚያ ሦስት ሥዕል ይምረጡ። ሦስት ይበቃል። ሁሉንም ለማየት የሚሞክር ሰው እንዳልኩት «ብዙ ናቸው» ብሎ ነው የሚወጣው።

ከመምረጥዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። እነዚህ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው በኤሌክትሪክ መብራት እንዲታዩ አልተሠሩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመጋረጃ ተሸፍነው ይቆዩ ነበር፤ ሲገለጡም በጧፍ ብርሃን ነው። ሦስት ሰሌዳ ያላቸው፣ ግራና ቀኙ እንደ መስኮት የሚዘጋ ብዙ አሉ፤ ተከፍተው የሚታዩት በጸሎት ሰዓት ነበር። የመዳፍ ግማሽ የማይሞሉ፣ ክር ገብቶባቸው በአንገት የሚንጠለጠሉም አሉ፤ መንገደኛ የሚጸልይባቸው። ስለዚህ ትንሽ ሥዕል ሲያዩ «ትንሽ ናት» ብለው አይለፉ፤ አንገት ላይ ያለች ሥዕል የምትታየው ከአንድ ክንድ ርቀት ነው፤ እርስዎም እንደዚያው ይጠጉ። መስታወት ካለ መስታወቱን በአፍንጫዎ አይንኩት እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው።

እናትዎን ወይም አያትዎን ይዘው ከሆነ ሥዕሏ ፊት ሲደርሱ ቢያማትቡ፣ ቢሰግዱ አያፍሩ፤ አያስቸኩሏቸው። ለመሳለም እጃቸውን ሲዘረጉ ግን በቀስታ «እማዬ፣ እዚህ አይነካም» ይበሏቸው። ብልጭ የሚል የካሜራ መብራት ያጥፉ።

ደረጃ 6፦ አንዷን ሥዕል ከእግር እስከ ራስ ያንብቡ

ከሦስቱ አንዷ ምስለ ፍቁር ወልዳ ትሁን፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። እንዲህ ይመልከቷት።

አራት እርምጃ ያህል ራቅ ይበሉ። መሐሉን ማን ያዘው? እሷ። ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን መዘው የቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው። ጎንና ጎን ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ስቅለቱን፣ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣ፣ ሐዋርያቱን፣ በነጭ ፈረስ ላይ ጊዮርጊስን ይፈልጉ። በአንዲት ሥዕል ላይ ማንበብ ለማይችል ምእመን የሚሆን ሙሉ ስብከት ነው።

አሁን ይጠጉ። እጆቿን ይመልከቱ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ጣቶቿ መካከል መሐረብ የመሰለ ጨርቅ ይዛ ይሆናል። ትከሻዋ ላይ ኮከብ፣ ልጁ እጅ ላይ መጽሐፍ ይኖራል። ይህ አቀማመጥ መነሻው ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውና ወንጌላዊው ሉቃስ ሳላት የምትባለው ሥዕል ናት። የታተመ ቅጂዋ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፣ ሥዕሏ ቀረች። የእኛ ሠዓሊዎች ዝም ብለው አልገለበጧትም። ሁለቱን መላእክት አቆሙላት፤ ካባዋን በራሳቸው ቀለም አለበሷት፤ ዐይኗን አገዘፉት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሮም ቢወስዷት ማንም የሚያውቃት አይመስለኝም።

ወደ ዐይኖቹ ይሂዱ። በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያይዎታል፤ ክፉ ግን በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ ነው የሚሣለው። ስቅለቱ ላይ ጦር የያዙትን ይመልከቱ፤ ይሁዳ ካለ ይሁዳን ይፈልጉ። ልጆች ይዘው ከሆነ ይህንን ጨዋታ ይስጧቸው፦ «እዚህ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ዐይኑን ፈልጉ።» ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ፣ በሙዚየም የተሰላቹ ሕፃናት ሳይቀሩ ሲሯሯጡ ያያሉ።

ከዚያ ወደ ታች። እግሯ ሥር፣ ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ፣ በግንባሩ የተደፋ ወይም እጁን የዘረጋ ትንሽ ሰው ቢያዩ እሱ ሥዕሉን ያሠራው ነው። አጠገቡ በግእዝ ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ ቀዩን ቀለም ተከትለው ያንብቡ፤ የቅዱሳን ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ነው። ግእዝ ባይችሉም ስም ለማንበብ ፊደል ይበቃል። ይህ ጥቅም ለእኛ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሌላ አገር ያለ ጎብኚ መግለጫ ወረቀት ይጠብቃል፣ እርስዎ ከሥዕሉ ያነባሉ።

በመጨረሻ እንጨቱን። ጠርዙን ይመልከቱ፤ ዋንዛ ወይም ወይራ ነው ብዙውን ጊዜ። ላዩ በጄሶና በሙጫ ተለስኗል፤ ቀለሙ የተቀባው በልስኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ሲሰነጠቅ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከነልስኑ ይነሳል፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጩን፣ ከነጩ ሥር ቡናማውን እንጨት ያያሉ። የሰሌዳዎቹ ማያያዣ ክር የገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ዘመን ጢስ የጠጣ፣ በመሳለም ብዛት ፊቱ የተፋቀ ሥዕል ካገኙ ከዚያ በላይ የቆንጆ ሥዕል ምስክር የለም።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን በዘመን ይለዩ

ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጥቂት ምልክት ይበቃል።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468፣ የእመቤታችን ክብር በአዋጅ ከፍ ሲል ሥዕሏም በዛ። የዚያን ዘመን ዋና ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን በስሙ እናውቀዋለን፤ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ ሥዕሉ ላይ ስሙ ተጽፏል። የእሱና የተከታዮቹ ሥዕል መስመሩ ቀጭን፣ ልብሱ በብዙ እጥፋት የተሞላ ነው፤ እመቤታችን አበባ ይዛ፣ ልጁ ወፍ ይዞ ካዩ ወደዚያ ዘመን ያስቡ። ትንሽ ቆይቶ ከቬኒስ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል ሠዓሊ መጣና መርቆሬዎስ ተብሎ አርባ ዓመት ያህል ኖረ። እንደ አገሩ ልማድ ልጁን በግራ ክንዷ አስታቅፎ ቢሥላት «እንዴት ጌታን በግራ?» ተብሎ ሁከት ተነሣ ተብሎ ተጽፏል። የእሱ ዓይነት ፊቶች ክብ፣ ለስላሳና የፈረንጅ ጥላ ያለባቸው ናቸው።

ጎንደርን ለመለየት የሥዕሉን ዳራ ይመልከቱ። በ17ኛው መቶ ዘመን መደቡ አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ የልብሱ እጥፋትም ቁርጥ ያለ መስመር። በ18ኛው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ዳራው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እየተዋሐደ ይሄዳል፤ ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ ይገባል፤ ልብሱ ከባሕር ማዶ በመጣ ባለ አበባ ሐር ይንቆጠቆጣል። ሰው «ጎንደር ያምራል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሁለተኛውን ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ድርቅ ያለ ነው፤ አያባብልም።

ከዚህ ስብስብ የተወሰዱ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1993 «አፍሪካን ዛዮን» በተባለው ዐውደ ርዕይ አሜሪካን ዞረዋል፤ ዐውደ ርዕዩን ካዘጋጁት አንዱ የባልቲሞሩ ዎልተርስ ሙዚየም ነው፤ ራሱም ትልቅ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ፣ ወደ አገር ከመምጣታችሁ በፊት ባልቲሞር ሄዳችሁ ዐይናችሁን ብታለማምዱ እዚህ ስትደርሱ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ደረጃ 8፦ መስቀሎቹና መሣሪያዎቹ

መስቀል ሲያዩ ከላይ ሳይሆን ከታች ይጀምሩ። የመጾር መስቀል ግርጌ ግራና ቀኝ ቀለበት የመሰሉ ክንዶች አሉት፤ በክብረ በዓል ቀን ጨርቅ የሚታሰርባቸው ናቸው። ብዙዎቹ የተሠሩት ሰም ቀርጾ፣ በሸክላ ጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ካስወጡ በኋላ ባዶው ውስጥ ብረት በማፍሰስ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ቅርጹ አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ በገናው፣ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ጸናጽሉ አሉ። የበገናውን ዐሥር ክር ይቁጠሩና ይለፉ። ድምፅ የሌለው መሰንቆ ብዙ አያናግርም፤ ማታ አዝማሪ ቤት ጎራ ቢሉ ይሻላል።

ደረጃ 9፦ አሁን መኝታ ቤቱ

ቃል በተገባው መሠረት አስጎብኚውን ይጥሩት። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የልብስ መቀየሪያው አሉ። መስታወቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያሳይዎታል፤ በ1953ቱ ግርግር የተተኮሰ ጥይት ነው ይባላል። ደጅ ላይ ታሪኩን ስለጨረሱ እዚህ ብዙ አይቆዩም። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ገንዳውን መሆኑ ይገርመኛል፤ ቁምጣ የለበሰ ወጣት የንጉሥ ገንዳ ፊት ራሱን ሲያነሳ አረንጓዴው ሳሎን የት እንደነበር እንኳ አይጠይቅም።

ለንጉሥ ቤት ሲሉ የሚመጡ ከሆነ ሌላ ቀን ወደ ምኒልክ ግቢ፣ በ2012 ወደተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ ወይም በቅርቡ ታድሶ ሙዚየም ወደሆነው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይሂዱ። እዚያ ቤቱ ራሱ ዐውደ ርዕዩ ስለሆነ ከማንም ጋር አይሻማም።

ደረጃ 10፦ ከልደት እስከ መቃብር

የቀረው ትልቁ ክፍል የአገሪቱ ሕዝቦች ኑሮ የሚታይበት ነው። በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አልተደረደረም፤ በሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። ብልህ አሠራር ነው። በብሔር ቢሆን ኖሮ ሁሉም የራሱን ጥግ ፈልጎ፣ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን የራስዎን ዕቃ ሲፈልጉ የጎረቤትዎን ማየትዎ የግድ ነው።

ድካም ከተሰማዎት ወደ መጨረሻው፣ ወደ ሞት ክፍል ይዝለሉ። የኮንሶ ዋካዎችን ይፈልጉ፤ ለጀግና ሰው መቃብር ከእንጨት የሚቀረጹ ናቸው፤ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶቹ ከጎኑ ይቆማሉ። ቀጥ ብለው፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው ያዩዎታል። እንዲህ ያሉ ዋካዎች ከየመቃብሩ እየተሰረቁ ለነጋዴ ሲሸጡ ቆይተዋል።

ደረጃ 11፦ ሲወጡ የሚገዙትን ይጠንቀቁ

እዚህ ቤት ሦስት ሰዓት የቆየ ሰው ወጥቶ ሥዕል መግዛት ያምረዋል። ጥሩ ነው። ግን ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ባሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች «የጥንት ነው፣ ከገዳም የመጣ» የሚሉዎት ሥዕል ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ትናንት ተሥሎ በጢስና በዘይት የጠቆረ ነው፤ ያኔ ተታለሉ። ወይ እውነት የጥንት ነው፤ ያኔ ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎድሏል። የሐሰተኛውን ጥቁረት ለመለየት የስንጥቁን ውስጥ ይመልከቱ፦ የእውነተኛ አሮጌ ሥዕል ልስኑ ውስጥም አቧራና ጢስ ገብቷል፤ የሐሰቱ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ወተት ይመስላል።

ከሁለቱም ይልቅ በሕይወት ካለ ሠዓሊ አዲስ ሥዕል በስሙ ይግዙ። በቤትዎ ደግሞ ከአያት የወረደ ሥዕል ካለ በውሃና በሳሙና አይጠቡት፣ ዘይት አይቀቡት፤ ልስኑ ይነሳል። ከግድግዳው እርጥበት አርቀው ያስቀምጡትና ባለሙያ ያማክሩ። ለውጭ ዘመድ ስጦታ ልልካለሁ የሚሉም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል መሆኑን ይወቁ፤ ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲከፈት «አላወቅሁም» ማለት አያድንም።